የቀኝ ጎኑ ሹሩባ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ትምህርት በተከፈተ በአራተኛው ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ከነዝርዝሩ አውርቼው አላውቅም። ባለቤቴ ግማሹን ያውቃል። አብረውኝ የሚያስተምሩት ደግሞ ያን ቀን ጥሩ ሥራ እንደሠራሁ ነው የሚያውቁት። እኔ ግን መስከረም በመጣ ቁጥር፣ ልጆች አዲስ ደብተራቸውን አቅፈው በር ላይ ሲሰለፉ ሳይ ያቺ ልጅ ትታወሰኛለች። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ ያደግሁ መምህርት ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ በከፈታት ሱቅ ነው ያሳደገን። የማስተምረው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአማርኛ የሚማሩትን የአራተኛ ክፍል ልጆች ነው። ልጆቹ በሌለሁበት «ቲቸር ጥፍር» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ስሙን ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሲያሻቸው ተኝተው ሲያሻቸው ተነሥተው፣ ጭቃ ሲያቦኩ የከረሙ ልጆችን ወደ ሥርዓት መመለስ ቀላል አይምሰላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እኔ ብዙ አላስተምርም። ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ፣ ቁርስ ምን በላሽ፣ እጅህን ታጠብህ ወይ እያልኩ ስነዘንዝ ነው የምውለው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ እጃቸውን አስዘርግቼ ጥፍር አያለሁ። ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ መሐረብ። ቦርሳዬ ውስጥ ጥፍር መቁረጫ፣ መቀስ፣ ማበጠሪያና ቫዝሊን አይጠፋም። ባለቤቴ «አስተማሪ ነው ያገባሁት ወይስ ፀጉር ቤት?» እያለ ይቀልድብኛል።

በዚህ ነገሬ እኮራ ነበር። እናቶች መንገድ ላይ አስቁመው ያመሰግኑኛል። በኔ ክፍል እከክ ወይም ቅማል የተገኘ እንደሆነ የኔ ገመና የተገለጠ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ያን ዓመት ከኪራሙ ወረዳ በኩል በግጭት ተፈናቅለው የመጡ ልጆች በብዛት ተመዘገቡ። ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ከዚያም ተነሥተው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አንዳንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዳንዱም ዘመድ ጋ ተጠግቶ ይኖራል። ከልጆቹ መካከል ሁለትና ሦስት ዓመት ደብተር ያልያዙ ነበሩበት።

ዘምዘም ከነሱ አንዷ ናት። አክስቷ መዲና እጇን ይዛ ነበር ያመጣቻት። ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ አንገቷን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ዘንበል የምታደርግ ልጅ ናት። ቡናማ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ድረስ አስራለች። የትምህርት ማስረጃ አልነበራትም። መዝገብ ቤት «ካርድ የሌለው አንመዘግብም» ሲሉ እኔ ጣልቃ ገባሁ። አንድ የንባብ መጽሐፍ ከፍቼ ሰጠኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ አንድ ገጽ አነበበችና «ልቀጥል ቲቸር?» አለችኝ።

ርዕሰ መምህሩን ለምኜ እኔ ክፍል አስገባኋት።

ሁለት ዓመት ትምህርት ያቋረጠች ልጅ አትመስልም ነበር። የቤት ሥራ ሳትሠራ አትመጣም። ሌሎቹ ሲያዛጉ እሷ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። ትንሽ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፀጉር በማይበት ሰኞ «ሻሼን አላወልቅም» ትላለች። ሙስሊም ናት፣ ሰልፍ ላይ ወንዶች አሉ፣ እውነቷን ነው ብዬ አልፋታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ግን አንዲት እናት መጣች። ልጇ ከዘምዘም ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጣለች።

«መምህርት፣ እኔ ልጄን በስንት ጥንቃቄ ነው ያሳደግኳት። ትናንት ባበጥራት የወረደው ቅማል ልክ የለውም። ያቺ ልጅ ካልተነሣች ልጄን አስወጣለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ሌላ እናት። ከዚያ ሌላ።

ዘምዘምን ለብቻዋ ጠርቼ ሻሹን ከፍ እንድታደርግልኝ ጠየቅኋት። ጫፉን ብቻ ገለጥ አደረገች። ሽታው መጣብኝ። ያረጀ ሹሩባ ነው፤ ከተሠራ ብዙ ወር ሆኖታል። «የልጅቷ ፀጉር ተፈትቶ ይታጠብላት» ብዬ ለአክስቷ ወረቀት ጻፍኩ። ምላሽ የለም። ሁለተኛ ጻፍኩ። አሁንም የለም። ወረቀቶቹን ለአክስቷ እንዳልሰጠቻት ያወቅሁት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ማማት አለብኝ። ከትምህርት ቤታችን እነሱ ቤት ድረስ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም። መዲና በየሰው ቤት ልብስ አጣቢ ስለሆነች ቀን አትገኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላጆች አጨናንቀውት ነው። «እስክትጸዳ ድረስ ክፍል አትግባ። ቤቷ ትሂድና ጨርሰው ያምጧት» አለኝ።

ቤቷ ከሄደች እንደማትመለስ አውቃለሁ። ስንቱን አይቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ብሎ የወጣ ልጅ፣ ከዚያ ሕፃን ሲያዝል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሰው ቤት ሲላላክ ታገኘዋለህ። ደብተሩ መጠቅለያ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ «አንድ ቀን ስጠኝ፣ እኔው ራሴ አጸዳታለሁ» አልኩት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ሲወጡ አስቀረኋት። የጥበቃ ሠራተኛችን ኦቦ ደበላ በቆርቆሮ ውኃ አሞቁልኝ። ከመምህራን ማረፊያው ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ወንድ በማያይበት ቦታ ወንበር አወጣሁላት። ሳሙናዬን፣ ፎጣዬን፣ ማበጠሪያዬን ደረደርኩ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ ይህ ነው፤ እችልበታለሁ።

«ቲቸር፣ ራሴ ቤት እፈታዋለሁ» አለች።

«ሁለት ጊዜ ጻፍኩ እኮ ዘምዘም። ይህ ካልተፈታ ክፍል አትገቢም ተብሏል። ትምህርቱን አትፈልጊውም?»

ሻሹን ፈታችው።

የግራው ጎን ቀጫጭን፣ እኩል እኩል የተሠራ፣ እጅ ባለው ሰው የተሠራ ሹሩባ ነበር። ያን ሁሉ ወር ቆይቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል አዲስ ፀጉር አብቅሎ እንኳ መስመሩ አልጠፋም። የቀኙ ግን ሌላ ነው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ መስመሩ ተጣሞ ተጣሞ ጆሮዋ ላይ የሚወድቅ። ሲያዩት ያስቃል። እኔም ሳቅሁ።

«እንዴ ዘምዘም! የቀኙን ደግሞ ማን ነው የሠራልሽ? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?»

አልመለሰችልኝም። እኔም የምትመልሰው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ልጅ እንዳትጨነቅ ሲፈለግ እንደሚወረወር ቀልድ ነው። እጄም ሥራውን ጀምሯል።

በማበጠሪያው ጭራ ልፈታው ሞከርኩ። ፀጉሩ ተቋጥሮ እንደ ጆንያ ሆኗል። ጎተት ሳደርገው ከሥሩ መግል ወጣ። ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ እስከ ማጅራቷ ቁስል ነው። አንገቷ ላይ ንፍፊት አብጧል። ለካ አንገቷን የምታዘነብለው አሟት ነው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው?» አልኳት።

«ቀስ ብለው ከፈቱት ይፈታል ቲቸር። እኔ አላለቅስም» አለች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልኩ። እውነትም አላለቀሰችም። አንዲት ሹሩባ እንኳ አልተፈታችልኝም፤ ቁስሉ ብቻ ደማ። በመጨረሻ መቀሱን አነሣሁ።

«አይቁረጡት።»

«ይበቅላል የኔ ልጅ። በሁለት ወር ይበቅልልሻል።»

ከግራ ጀመርኩ። ወደ ቀኙ ስመጣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች። ቀስ ብዬ እጇን አነሣሁና ቆረጥኩት። ራሷን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቫዝሊን ቀባሁላት። የተቆረጠውን ፀጉር በፌስታል አጠራቅሜ ነበር።

«ስጡኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ፀጉሬን።»

«ቅማል እኮ ነው የሞላው! ምን ያደርግልሻል?»

«ስጡኝ ቲቸር።»

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስሕተት የሠራሁት። በኛ አገር የተቆረጠ ፀጉር እንደ ዘበት አይጣልም። ሰው አግኝቶ መተት ይሠራበታል ይባላል። እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴ ከማበጠሪያ ላይ የወጣውን ሁሉ ለቅማ ትቀብር ነበር። ይቺም ልጅ እንደዚያ ተነግሯት፣ ፈርታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ላረጋጋት ፈለግሁ።

«አይዞሽ። ኦቦ ደበላ አሁን ያቃጥሉልሻል። ማንም አያገኘውም» አልኳት።

ኦቦ ደበላን ጠርቼ ፌስታሉን ሰጠኋቸው። ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ ወስደው ክብሪት ጫሩበት። ዘምዘም ቆማ ጭሱን አየች። ጭሱ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ እኮ እፎይ ያለች መስሎኛል።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ቁስሉን አይታ «በጊዜ ነው ያመጣሻት። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ለከፋ ነገር ይዳርጋት ነበር» አለችኝ። መድኃኒት ሰጠቻት። በመንገዳችን ላይ ሰማያዊ ሻሽ ገዛሁላት። «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ማታ ለባለቤቴ አወራሁለት። የቀኙንም ሹሩባ ነገርኩት። አብረን ሳቅን።

ዓርብ አልመጣችም። መድኃኒቱ አድክሟት ይሆናል አልኩ። ሰኞም ቀረች። ፀጉር ስቆጣጠር ዋልኩ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ የሷ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አንዷን የሰፈሯን ልጅ ብጠይቃት «አትናገርም፣ ዝም ብላ ትተኛለች» አለችኝ። ከክፍል እንደወጣሁ ሄድኩ።

ያቺን የሃያ ደቂቃ መንገድ።

መዲና ግቢው ውስጥ የሰው ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። «ይግቡ እስቲ፣ ይግቡ» አለችኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ዘምዘም ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የድሮውን ቡናማ ሻሽ አስራለች። ሰማያዊው ተጣጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ዘምዘም፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት። አልዞረችም።

መዲና ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንቱ ምን ያድርጉ፣ አያውቁም» አለችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ መጥቼ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ያ ሹሩባ የናቷ እጅ ነው።»

ከዚያ የልብሱ ሳፋ አጠገብ ቆመን ነገረችኝ። ድምፅዋን ልጅቷ እንዳትሰማ ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ከኪራሙ የወጣን ቀን፣ ጠዋት እኅቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራላት ነበር። እጇ ወላሂ ወርቅ ነበር፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የምትሠራ እሷ ናት። ግራውን ጨርሳ ቀኙን ልትጀምር ስትል ሰዉ ተነሣ፣ ሩጡ ተባለ። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ወጣን። በእግር ነው የመጣነው። በሁለተኛው ቀን እኅቴን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ እንደ እሳት ነው፣ መድኃኒት የለ፣ ምን የለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዛፍ ሥር ስናርፍ ዘምዘምን ነይ አለቻት። ቀኙን ልጨርስልሽ አለች። እኔ ተይ፣ ድካምሽ አይበቃም ወይ አልኳት። ‹ከተማ ስትገባ ሰው እንዲህ ሁና ቢያያት እናት የላትም ይላታል› አለችኝ።»

መዲና እዚህ ላይ እጇን አየት አደረገች። የእጇ ሳሙና ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ጊዜ እያረፈች ነው የጨረሰችው። ዘምዘም ጉልበቷ መካከል ቁጭ ብላ፣ ያመኛል እንኳ ሳትል። ጨርሳ በእጇ ዳበስ አደረገቻትና ‹በቃ፣ አማረብሽ› አለቻት። በማግስቱ አረፈች። እዚያው ቀበርናት። ዛሬ ውሰጂኝ ቢሉኝ ቦታውን አላውቀውም መምህርት። ምልክት አላደረግንበትም። ፎቶም የላት። እንግዲህ ለልጅቷ የቀረው ያው ራሷ ላይ ያለው ነበር። ፍቺው ስላት ታለቅሳለች። ቀስ እያለች ትተወዋለች ብዬ ተውኳት። ቁስሉን አላሳየችኝም፤ ትሸፍነዋለች።»

የሰማሁትን ሁሉ በደንብ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ላይ የነበረው የገዛ ሳቄ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ ያልኩት።

ተመልሼ ገባሁ። ፍራሹ አጠገብ ተንበርክኬ «ዘምዘም፣ ይቅር በይኝ። አላወቅሁም» አልኳት። ጀርባዋን ነው የማየው። መዲና በር ላይ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ከዚያ ዘምዘም ሳትዞር «አመዱስ?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አመዱ አለ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል ትምህርት ቤት የደረስኩት። ኦቦ ደበላ በር ላይ ሰላምታ ሰጡኝ። «አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋሉ፣ እንኳ ሳልላቸው ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ተከትለውኝ መጡ። በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀልኩ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ክብሪቱን የጫርኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉ።

ዓርብና ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል ነበር የዋለው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰኞ የልጆቹ ወረቀትና ቆሻሻ እላዩ ላይ ተቃጥሏል። እንጨት ይዘን አብረን ጫርን። ጥቁር ጭቃ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የቀለጠ ፌስታል። የአንዲት ልጅ ፀጉር አመድ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል። እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። በመጨረሻ ኦቦ ደበላ እንጨቱን አስቀመጡት።

«ማል ጎና፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ምን እናድርግ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከዚሁ ትንሽ በወረቀት ቋጥረሽ ውሰጂላት። ልቧ ይረፍ። ማን ያውቃል?» አሉ።

አልዋሽም፣ ቋጠርኩ። ከደብተሬ ገጽ ቀድጄ አንድ እፍኝ ቋጥሬ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሄድኩ። ከዚያ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ይቺ ልጅ ያን ወረቀት ዕድሜ ልኳን ይዛ ስትኖር ታየኝ። የብስኩት መጠቅለያ አመድ እናቴ ነው ብላ ስታቅፍ። ሳልጠይቃት አንድ ጊዜ ያደረግሁባት ይበቃል አልኩና መንገዱ ዳር አራገፍኩት።

ገብቼ «ፈለግሁት ዘምዘም። አጣሁት። ዝናብ ወስዶታል» አልኳት።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ፊቴን አላየችም፤ እስከ ክርኔ የጠቆረ እጄን ነው ያየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እሺ» አለች።

በሚቀጥለው ሰኞ ከአክስቷ ጋር መጣች። ትመጣለች ብዬ ተስፋ አላደረግሁም ነበር። መዲና በር ላይ «የናቷ ምኞት እሷን ማስተማር ነበር፣ ስለዚህ ተማሪላት አልኳት፤ እሺ አለችኝ» ብላ አስረከበችኝ። ያቺ እናቷ ስለ ቅማሉ የከሰሰችው፣ በዚያ ሰበብ ወደ ፊት የተዛወረችው የዴስክ ጓደኛዋ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ደብተሯን ሰብስባ ከፊት ወንበር ተነሥታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ዳነ። አንገቷን ማዘንበል ተወች። ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣች።

ባልደረቦቼ ዛሬም የዘምዘምን ነገር ሲያነሡ ያመሰግኑኛል። ልጅቷን ከበሽታም ከመቅረትም አዳንሻት ይሉኛል። ነርሷም ያለችው እሱን ነው። እኔም ልክ ነበርሽ ብለው ቢፈርዱልኝ መከራከር አልችልም፤ ያ ፀጉር መቆረጥ ነበረበት። ግን የናቷ እጅ ሥራ መሆኑን አውቀን፣ እሷም አልቅሳ፣ አክስቷ አቅፋት፣ ከተቆረጠው አንዲት ጉንጉን አጥበን በጨርቅ ጠቅልለን ሰጥተናት ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ነገር ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዘምዘም አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት። ግቢ ውስጥ ስታገኘኝ ቆማ በትሕትና ሰላም ትለኛለች። ፀጉሯ ግን አላደገም። ጆሮዋን አለፍ ሲል ራሷ ትቆርጠዋለች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እንደምንም ደፍሬ «ዘምዘም፣ ትንሽ ይደግና ሹሩባ ልሥራልሽ?» አልኳት።

ቀኝ ጆሮዋን በእጇ ነካ አደረገች። «አይ ቲቸር፣ ይቅር» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ወደ ክፍሏ ገባች።

ሰኞ ሰኞ ጥፍርና ፀጉር ማየቴን አልተውኩም። ልጆች ጤነኛ ሆነው ካልዋሉ አይማሩም፤ ይህን አምናለሁ። ግን አሁን አንዲት ልጅ ፊቴ ስትቆም እጄን ወደ ራሷ ከመስደዴ በፊት «ይህን ማን ነው የሠራልሽ?» እላታለሁ። አንዷ እናቴ ትላለች፣ አንዷ እኅቴ፣ አንዷ ራሴ ነኝ ብላ ትስቃለች። ዝም የምትል ስትኖር ሰልፉ ቢረዝምም ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ዘምዘምንም ያኔ ጠይቄያት ነበር። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ አፌ። እየሳቅሁ ስለነበር መልሷን አልጠበቅሁም።